ዶሮውን ማን ይረድ?

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጸሐፊው ስሙን ትቶ «ፈራሁ ባይ» ብሎ ፈርሟል። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«እህቴ፣ 29 ዓመቴ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። አለቃዬ የነበረው ስሪላንካዊ ሜዲቴሽን አስተማረኝና ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ በየጠዋቱ ሰርቪስ ሳይመጣ 20 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ለውጦኛል። አለቃዬ በቅርቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ‹አምስቱን የቡድሃ ቃሎች ለምን አትወስድም?› አለኝ። አለመግደል፣ ያልሰጡህን አለመውሰድ፣ በዝሙት አለመበደል፣ አለመዋሸት፣ የሚያሰክር አለመጠጣት። እኔ እንደው ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅሁ። ቃል መግባቱ ምን ይጨምርልኛል? ደግሞ ብሰብረውስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እጠጣለሁ። ልጅ ሆኜ ስታመም እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላልኝ ነበር። እስከ ዛሬ አላደረሰችም። ቤታችን ውስጥ ሰው ባሳለ ቁጥር ‹ስዕለቱ ነው› ትላለች። እንደዚያ ያለ ነገር በራሴ ላይ መጫን አልፈልግም። እሷስ ብትሰማ ምን ትላለች? እዚህ አካባቢስ ቃሉን የሚያስገባኝ መነኩሴ ከየት አመጣለሁ?»

ወንድሜ፣

ከቀላሉ ልጀምር። መነኩሴ ቢኖር ጥሩ ነበር፣ ከሌለ ግን አይቀርብህም። ስሪላንካም ታይላንድም ብዙ ምእመን እቤቱ ለብቻው ድምፁን አውጥቶ ይለዋል። ይህ ጥያቄ እንቅልፍ አይንሳህ።

ፍርሃትህ ግን ገብቶኛል። «ከተናገሩት የሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባልን ነው ያደግነው። እስቲ ይህን አባባል ረጋ ብለህ ስማው። ልጅ ይሙት፣ ቃል አይሙት ነው የሚለው! እንዲህ እየሰማ ያደገ ሰው ወይ ቃል ሳይገባ ይኖራል፣ ወይ አንዴ ከገባ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸማቀቅ ይኖራል። እናትህን የያዛት ሁለተኛው ነው፣ አንተን የያዘህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አለቃህ ያለህ ቃል ግን ከጃንጥላው ጋር አንድ አይደለም። ጃንጥላው «ልጄን ካዳንክልኝ» የሚል «ካ» አለበት። አንዱ ያደርጋል፣ ሌላው ያደርሳል፣ ሳያደርስ ከቆየ ዕዳ ነው። ስዕለት እንደዚያ ነው፣ ክብሩም እዚያው ላይ ነው። የቡድሃ ተከታዮች የመጀመሪያውን ቃል በጥንታዊ መጻሕፍታቸው ቋንቋ በፓሊ ሲሉ ግን «ፓናቲፓታ ቬራማኒ ሲካፓዳም ሳማዲያሚ» ነው የሚሉት። ቬራማኒ መታቀብ ነው። ሲካ ማለት ልምምድ፣ መማር ማለት ነው። ሳማዲያሚ እይዛለሁ፣ እቀበላለሁ ነው። ስንፈታው «ነፍስ ከማጥፋት የመታቀብን ልምምድ እይዛለሁ» ይሆናል። «ካ» የለበትም። የሚቀበልህ፣ የሚቆጥርብህ፣ መጥቶ የሚጠይቅህም የለም። እንደ ተማሪ ነው የምትገባው፣ ተማሪ ደግሞ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። የማታደርገውን ነገር «አላደርግም» ብሎ ቃል መግባት ምን ይጨምራል?

እኔ ይህን ያየሁት ቤሩት ነው። ሰው ቤት ስሠራ ከአንዲት ስሪላንካዊት ጋር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። ክፍል ልበላት እንጂ ከኩሽና ጀርባ ማጠቢያ ማሽን የተቀመጠባት ጥግ ነበረች። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ነጭ ትለብሳለች። አገሯ ይህ ቀን ፖያ ይባላል፣ በየወሩ የሕዝብ በዓል ነው፣ መጠጥ አይሸጥበትም። ቤሩት ግን ያው የሥራ ቀን ነው። በሌሊት ተነስታ፣ እኔን ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ፣ በዚያ ቀን ስምንት ቃል ትወስዳለች። በአምስቱ ላይ ሦስት ይጨመራል፣ አንዱ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አለመብላት ነው። እኔ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾም ስለነበር ሙሉ ጨረቃ ዓርብ ላይ ከዋለች አንድ ገበታ ላይ ሳንገናኝ ቀኑ ይመሻል። በዚህ በጣም ነበር የምንዋደደው።

አሠሪያችን የ3 ወር ደሞዛችንን ይዛብን ነበር። አንድ ቀን ቦርሳዋን ሳሎን ከፍታ ትታው ወጣች። ዶላሩ ይታያል። እኔ ልቤ ቆመ። «የራሴ ገንዘብ ነው፣ ላቤ ነው፣ ይህ ሌብነት አይባልም» ብዬ ራሴን ለማሳመን ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጓደኛዬ ወለሉን እየወለወለች ነበር። ቦርሳውን ዘጋችው፣ ከመንገዷ ላይ አንስታ ወንበር ላይ አደረገችው፣ መወልወሏን ቀጠለች። ማታ «አላጓጓሽም እንዴ?» አልኳት። «ጠዋት ቃል ወስጃለሁ» አለችኝ። በቃ። ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም። እኔም አልወሰድኩም፣ ግን እሷን አፍሬ ነው፣ ቀኑን ሙሉም ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የዋልኩት። እሷ ያ ጭቅጭቅ አልነበረባትም። ጠዋት ጨርሳዋለች። ሁለታችንም አንዲት ሳንቲም አልነካንም፣ ግን የእሷ ቀንና የእኔ ቀን አንድ አልነበረም።

ደሞዙ በዚያ ወርም በሚቀጥለውም አልመጣም። ቃል የወሰደ ሰው ወዲያው ይሳካለታል ብዬ እንዳላታልልህ ነው ይህን የምጨምረው። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ከጎኗ ተንበርክኬ አምስቱን ተቀበልኩ።

በኋላ ሳነብ ይህን ልዩነት የጥንት ሊቃውንቶቻቸውም አስበውበት አገኘሁት። በፓሊ የተጻፉት የድሮ ማብራሪያዎች ከክፉ መታቀብን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ቃል ሳትገባ አጋጣሚው ሲመጣ «ይህ ለእኔ አይገባም» ብለህ መተው ነው። ሁለተኛው አስቀድመህ በገባኸው ቃል መታቀብ ነው። ሦስተኛው ክፉው ከሥሩ ተነቅሎ ሐሳቡም የማይመጣበት የቅዱሳን ደረጃ ነው። ለመጀመሪያው የሚያነሱት ቻካና የሚባል የስሪላንካ ልጅ ታሪክ ነው። እናቱ ታመመች፣ መድኃኒቷ የጥንቸል ሥጋ ነው ተባለ። ወንድሙ ላከው። ማሳ ውስጥ ሐረግ የጠለፋት ጥንቸል አግኝቶ ያዛት። ከዚያ «ለእናቴ ነፍስ ብዬ የሌላ ነፍስ ማጥፋት አይገባኝም» ብሎ ለቀቃት። ወንድሙ ሰደበው። እሱ ግን እናቱ ዘንድ ገብቶ «ከተወለድኩ ጀምሮ አውቄ ነፍስ አጥፍቼ አላውቅም» ብሎ በዚህ እውነት እንድትድን ተመኘላት፣ ተነሳች።

የሁለተኛው ባለታሪክ ገበሬ ነው። ከሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ዘንድ ቃሉን ተቀብሏል። በሬው ይጠፋበትና ተራራ ለተራራ ሲፈልግ ዘንዶ ይጠመጠምበታል። ምሳር ይዟል። «ራሱን ልቁረጠው» ይላል። ወዲያው «ከእንደዚያ ካለ መምህር የተቀበልኩትን ቃል እንዴት እሰብራለሁ» ይላል። ደግሞ ልቁረጠው ይላል፣ ደግሞ ይተዋል። በመጨረሻ «ሕይወቴ ትሂድ፣ ቃሌ አይሄድም» ብሎ ምሳሩን ከትከሻው አውርዶ ጫካ ውስጥ ይወረውረዋል። ዘንዶው ተፈትቶ ሄደ ይላል ታሪኩ።

እኔ የምወድለት የዘንዶውን መሄድ አይደለም፣ ያንን ማመንታት ነው። ገበሬው እንደ ቻካና ልቡ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም የተወው። ሊቆርጠው ፈልጓል፣ ደጋግሞ ፈልጓል። የያዘው ቃሉ ነው። አንተ «አልሰረቅሁ፣ አልገደልኩ» የምትለው ልክ ነው፣ ግን እስካሁን የቻካና መንገድ ላይ ነህ። መልካም ስሜት ሲኖርህ መልካም ትሠራለህ። ስሜቱ የማይኖርበት ቀን ይመጣል፣ ቃል የሚያስፈልገው ለዚያ ቀን ነው። የእኔ ቀን የቦርሳው ቀን ነበር።

«ብሰብረውስ» ላልከው፣ እንደገና ትወስደዋለህ። እውነቴን ነው፣ ማጽናኛ አይምሰልህ። ስሪላንካ ወይም በርማ ቤተ መቅደስ የሄደ ምእመን በሄደ ቁጥር አምስቱን ደግሞ ይቀበላል፣ ትናንት የተቀበለም ቢሆን። መነኮሳቱ ራሳቸው 227 ሕግ አላቸው፣ በየ15 ቀኑ ተሰብስበው ይደግሙታል፣ የጣሰ ለወንድሙ ይናዘዛል። ከምንኩስና የሚያስወጡት አራቱ ብቻ ናቸው፣ ለሌላው መጠገኛ አለው። ታይላንድ ውስጥ አንድ ወጣት ለአንድ ክረምት መንኩሶ፣ ልብሱን መልሶ፣ ወደ ሥራው ቢገባ ማንም ቆቡን ጣለ ብሎ አይጠቋቆምበትም፣ እንዲያውም ወላጆቹ ይኮሩበታል። በእኛ አገር መነኩሴ ሲመነኩስ ለዓለም ሞቷልና ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደረግለት ታውቃለህ። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው፣ ግን አንዱን በሌላው መነጽር ካየኸው ትሳሳታለህ።

ይህን ስልህ ግን ቅዳሜ እንደምትጠጣ እያወቅህ ዓርብ «አልጠጣም» በል ማለቴ አይደለም። ያ አራተኛውን ነው የሚሰብረው። ቲቤቶች ዘንድ ከአምስቱ አንዱን ብቻ፣ ወይም ሁለቱን፣ ወይም አብዛኛውን መውሰድ ይፈቀዳል፣ ከወሰድክ ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ጎኤንካ የሚባሉ መምህር ያስፋፉት ቪፓሳና የተባለ የ10 ቀን የሜዲቴሽን ኮርስ ውስጥ ደግሞ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ገብቶ አምስቱን ለእነዚያ 10 ቀናት ብቻ ይጠብቃል። ስለዚህ በልክህ ውሰድ። አራቱን ያዝ፣ አምስተኛውን ለአንድ ወር ሞክረው። ቅዳሜ ከጓደኞችህ አትቅር፣ ለስላሳ ያዝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ «ምን ሆነህ ነው፣ መድኃኒት ጀመርክ እንዴ?» ይሉሃል። ሦስተኛው ላይ ይረሱታል።

ስለ መጠጡ አንድ ታሪክ ልንገርህ፣ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። ሳጋታ የሚባል መነኩሴ ነበር። እሳት የሚተፋ ዘንዶ ያሸነፈ ነው እየተባለ ስሙ ተሰማ። የከተማው ሰው ደስ ብሎት በየቤቱ በር ላይ መጠጥ አዘጋጅቶ ጠበቀው። ከየቤቱ እየቀመሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ የከተማው መግቢያ በር ላይ ተዘረረ። ተሸክመው ቡድሃ ፊት አመጡት፣ ራሱን ወደ ቡድሃ አድርገው አስተኙት፣ እሱ ተገላብጦ እግሩን ወደ መምህሩ ዘረጋ። ቡድሃ «ይህ ሰው ከዚህ በፊት ያከብረን አልነበረም? አሁን ተራ የውሃ እባብ እንኳ ማሸነፍ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። መነኮሳት እንዳይጠጡ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው ይላሉ። ቡድሃ ተራውን ነገር ነው የጠየቀው፣ አሁን ምን ትችላለህ ነው ያለው። እሁድ ጠዋት ለመቀመጥ ስትሞክር ያንን ጥያቄ አንተው ለራስህ ጠይቀው።

ስለ ሦስተኛው ቃል ብዙ አልልም፣ ምኑን እንደሚከለክል ታውቀዋለህ።

አራተኛው በጣም ያስገርምሃል። እኛ ዳር የምንኖር ሰዎች በስልክ ላይ ምን ያህል እንደምንዋሽ ቁጠረው። ገና ፊታችንን ሳንታጠብ «ቃሊቲ ደርሻለሁ» እንላለን። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን «እየገባሁ ነው» እንላለን። ቡድሃ ልጁን ራሁላን ሲመክረው መታጠቢያ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ውሃ አስቀርቶ «አውቆ ለመዋሸት የማያፍር ሰው መልካምነቱ ይህን ታህል ናት» አለው። ከዚያ ጥቂቷንም ደፋት። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ገና እቤት ነኝ» ማለት ጀመርኩ። ሰው ይቆጣል፣ ከዚያ ያምንሃል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፣ አንተ ያላነሳኸው ነው። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮውን ማን ነው የሚያርደው?

ከእናትህ ጋር የምትኖር አንድ ወንድ ልጅ ነህ። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በበዓል ዋዜማ ቢላ ይዘው የሚቆሙት ወንዶች ናቸው። «ሰው አልገደልኩ» ብለሃል፣ የመጀመሪያው ቃል ግን ሰው ብቻ አይልም፣ ነፍስ ያለውን ሁሉ ነው የሚለው። ሳታውቅ የረገጥካት ጉንዳን አትቆጠርም። እንደ ማብራሪያዎቹ ቃሉ ተሰበረ የሚባለው አምስት ነገር ሲሟላ ነው፣ ሕይወት ያለው ፍጥረት መሆኑ፣ ሕይወት እንዳለው ማወቅህ፣ ለመግደል ማሰብህ፣ መሞከርህና መሞቱ። ዶሮዋ አምስቱንም ታሟላለች። ጎረቤትህን «እረድልኝ» ብትለውም ያው ነው፣ ማሳረድም ውስጡ አለ። ሥጋ መብላቱ ግን በዚህ ቃል አልተከለከለም፣ ስለዚህ ከልኳንዳ የታረደ ብትገዛ የምትሰብረው ቃል የለም። አንዳንዶቹ ይህ አይዋጥላቸውም፣ ከሥጋም ይርቃሉ፣ ያ የራሳቸው ነው።

ግን የእናትህን ዓይን አስበው። 55 ቀን ጾማ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ዶሮዋን አቅርባልህ «አላርድም» ብትላት የምትሰማው «ቤቱን ጥያለሁ» ብለህ ነው። በስመ አብ ብሎ ማረድ ለእሷ እምነቷም ነው፣ ቤተሰቧም ነው። ስለዚህ በዋዜማው እንዳትነግራት፣ አደራ። ጾሙ መሐል ላይ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እሷ ዘና ባለች ሰዓት ንገራት። «እማዬ፣ ደም ማፍሰስ ከብዶኛል፣ ዘንድሮ የታረደውን ልግዛልሽ፣ መገነጣጠሉን ግን እኔ አግዝሻለሁ» በላት። ደግሞ አግዛት። 12ቱን ብልት እያጠበ የሚሰጣት ልጅ ከቤቱ እንዳልወጣ ታየዋለች። ብትቆጣም ትቆጣ። አጎትህን ጠርታ ብታሳርድም ዝም በል፣ ቃሉን የወሰድከው አንተ እንጂ እሷ አይደለችም፣ የእሷን ገበታ የመቆጣጠር ሥልጣን አልተሰጠህም። የወሰዱትን ቃል ሰው ላይ የሚመዙት ሰዎች አይቻለሁና ነው ይህን የምልህ። እኔም ከቤሩት እንደተመለስኩ የእህቴን የበዓል ድግስ በዚህ ጉዳይ አበላሽቼባታለሁ፣ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

አንድ ነገር አልደብቅህም። በልማዱ ከአምስቱ ቃሎች በፊት «በቡድሃ፣ በትምህርቱ፣ በማኅበሩ እጠጋለሁ» የሚባል ሦስት ጊዜ የሚደገም ንግግር አለ። እሱ ሃይማኖትህን የሚመለከት ነው፣ ከመቀመጥና ካለመዋሸት የተለየ ክብደት አለው። ለእናትህ ልትነግራት የማትችለውን ነገር በሹክሹክታ ብለህ ደብቀህ አትኑር። ልብህ እዚያ ካልደረሰ አምስቱን ልምምዶች ብቻ በአማርኛ፣ በራስህ አፍ በል። ከደረሰ ደግሞ ጊዜ ወስደህ፣ በግልጽ ይሁን።

ጮክ ማለቱን ግን አትተወው። ሕንዳዊው የተገፉት ሕዝብ መሪ አምበድካር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1956 ናግፑር ከተማ ላይ ወደ ቡድሃ ትምህርት ሲገባ አብረውት ለተሰበሰቡት በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች 22 ቃሎች አስገብቷቸዋል። አለመስረቅ፣ አለመዋሸት፣ አለመጠጣት እዚያ ውስጥ አሉ። ከተወለዱ ጀምሮ «አትንኩን» የተባሉ ሰዎች ነበሩ። ስለ እነሱ ሌላው ሲናገር ኖሯል፣ በዚያ ቀን ማን እንደሆኑ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። አንተም ለአለቃህ ደውልለት። በስልክ እሱ አንድ በአንድ ይበል፣ አንተ ተከተለው። በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ይሁን፣ እሱ በዓል ላይ ነው፣ ደስ ይለዋል።

ከዚያ በፊት ግን የጃንጥላውን ጉዳይ ጨርሱት። እናትህ ስንት ዓመት ሙሉ በአንተ ምክንያት ስትሰጋ ኖራለች፣ አንተ ደግሞ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነህ ደሞዝ ትበላለህ። ጃንጥላውን ግዛላት። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከደጃፍህ ነው፣ ከአዳማ በኋላ በአዋሽ አድርጋችሁ ቁልቢ ትደርሳላችሁ። ታህሳስ 19 ሕዝቡ ከበዛባትና ጉልበቷ ካልቻለ ሐምሌ 19ም አለ። መንገድ ላይ ጃንጥላውን አንተ ተሸከም። ስትደርሱ ግን እሷ ታስገባው፣ ስዕለቱ የእሷ ነው።